ገበሬ እህሉን በደህና ዋጋ እንዲሸጥ ማገዝ ሥራ ይሆናል?

ደብዳቤሽ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኢኮኖሚክስ ተመርቀሽ ደምቢያ ቤተሰብ ጋ ተቀምጠሻል። አባትሽ ታኅሣሥ ላይ ጤፉን በወረደ ዋጋ ሸጡት፤ ክረምት ላይ ሲወደድ አንቺ ተቃጠልሽ። ዘመድ ሁሉ «ባንክ ተፈተኚ» ይልሻል። አንቺ ግን ገበሬ ተጠቃሚ ሆኖ እንዲሸጥ የሚያግዝ ሥራ አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

አለ። በዚያ ስም ግን ማስታወቂያ አይወጣም። «የግብይት ባለሙያ» ወይም «የኅብረት ሥራ ባለሙያ» የሚለውን ፈልጊ። ጎንደር ላይ መጀመሪያ የማስበው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሰባሰቡበትን ፀሐይ ዩኒየንን ነው፤ ቀጥሎ የወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶችን። የብቅል ገብስ ከወደድሽ ጎንደር ብቅል ፋብሪካ አለ። ሰሊጥ ከሆነ ወደ መተማ መውረድና የኢትዮጵያ ምርት ገበያን (ECX) አሠራር ማወቅ ይጠይቃል።

አሁን ወደ አባትሽ ልመለስ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነውና። አባትሽ ታኅሣሥ ላይ የሸጡት ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ግብር አለ፣ ጥር ሲመጣ ሠርግ አለ። ጎረቤቱም ያንኑ ሳምንት እህሉን ይዞ ይወጣል፤ ዋጋው የሚወድቀውም ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አትሽጥ፣ ቆይ» ማለት ምክር አይባልም።

ይልቅ «ዕዳውን በየትኛው እህል ልክፈለው?» ብለሽ አስቢ። በቆሎና ሽምብራ ነቀዝ ቶሎ ይደፍራቸዋል። ጤፍ ግን ደርቆ ከገባ ነቀዝ እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ አጣዳፊው ወጪ በበቆሎውና በሽምብራው ይሸፈን፣ ጤፉ ይቆይ። በቆሎውን ማቆየት ግድ ከሆነ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ተጠቀሚ፤ በደንብ ሳይደርቅ ከታሰረ ግን ይሻግታል።

ማቆየትም በነፃ አይደለም። እንበልና ጤፍ ታኅሣሥ ላይ ኩንታሉ 10,000 ብር ነው። ሳይሸጡ ለመቆየት በወር 1.5 በመቶ ወለድ ከተበደሩ በስድስት ወር 900 ብር ይሆናል። ለከረጢትና ለጫኝ 150፣ ለብክነት 100 ጨምሪበት። ሰኔ ላይ ከ11,150 ብር በታች ከተሸጠ መቆየቱ ኪሳራ ነው። ይህን ሒሳብ ለገበሬ በአፍ፣ በሚገባው መንገድ ማስረዳት ከቻልሽ ከብዙ ተመራቂ ትቀድሚያለሽ። ዋጋ ይጨምራል ብለሽ ግን ቃል እንዳትገቢ! አንድ ዓመት ከተሳሳትሽ የሚሰማሽ የለም።

ሌላው ጥራት ነው። ነጩ ከሰርገኛው ተቀላቅሎ ከመጣ ነጋዴው በሰርገኛ ዋጋ ይገዛዋል፤ አፈርና ጠጠር ካለበትማ ባሰው። ገበሬዎቹ አበጥረው፣ ለይተው፣ አይሱዙ የሚሞላ እህል ባንድ ላይ ካቀረቡ ግን ደላላው ይቀርና ከትልቅ ገዢ ጋር መደራደር ይቻላል። ማሰባሰቡ አድካሚ ነው፤ አንዱ ቸኩሎ ብቻውን ይሸጣል፣ ሌላው ሚዛኑን አያምንም። የግብይት ባለሙያ ደመወዙን የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

ሥራ እስክታገኚ ቁጭ አትበይ። በገበያ ቀን ቆላድባና አዘዞ ውጪ። የአንድ ዓይነት ጤፍ ዋጋ፣ በኩንታል፣ በየሳምንቱ መዝግቢ። የመጓጓዣውንም ጻፊ፤ አዘዞ የሚገኘው ጭማሪ ሁሉ በመኪና ኪራይ ያለቀ እንደሆነ የሚታይሽ ያኔ ነው። ጥቂት ወር ካጠራቀምሽ በኋላ በአንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢው።

የባንኩንም ፈተና ተፈተኚ፣ ምን ቸገረሽ? የዩኒየን መነሻ ደመወዝ ብዙ አያወላዳም፤ ብድር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅም ለዚህ ሥራ ያግዛል። ቅጥር ከሁለቱም ከመጣ ግን መጀመሪያ የዩኒየኑን ኃላፊ «መስክ በሳምንት ስንት ቀን እወጣለሁ?» ብለሽ ጠይቂው። ቢሮ ብቻ ከሆነ ባንኩ ይሻልሻል።