ረግረጉ ላይ ባህር ዛፍ እንትከል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጅማ፣ ቦዬ አካባቢ ነው። አባታችን ከተወልን መሬት ታችኛው ግማሹ ረግረግ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ወባ ከሚፈለፈልብን ቦይ ቀደን ውሃውን እናፍስሰውና ባህር ዛፍ እንትከልበት» ይላል። እኔ ደግሞ ክረምት ላይ ጥንድ ሆነው የሚመጡት ባለ ዘውድ ወፎች ያሳዝኑኛል። እናቴ በበኩሏ በበዓል ሰሞን ቄጠማውን አጭዳ ትሸጣለች። ማናችን ነን ልክ?
አንባቢያችሁ ከጅማ

መልስ፦ አንተ ነህ ልክ። እናትህም ልክ ናቸው ማለት ይቻላል፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀራቸዋል፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ወባውን እንጨርስ። እኛ አገር በዋናነት ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በጣም የምትወደው ፀሐይ የሚመታውን ትንሽ ውሃ ነው። የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ፣ ጡብ ሊሠሩ ጭቃ ያወጡበት ቁፋሮ፣ እንደዛ ያለው። ሣር የሸፈነው፣ እንቁራሪትና አሳ ያለበት ረግረግ ብዙም አይመቻትም። ቦይ ቀዳችሁ እዚህም እዚያም ውሃ ተቋጥሮ ከቀረ ግን ድግስ ደገሳችሁላት ማለት ነው።

ባህር ዛፉን ወንድምህ ለአጣናው እንደፈለገው ይገባኛል፣ ገንዘብ ነው። ግን ውሃ ይመጥጣል። እንደ ሰፍነግ የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅላችሁን መሬት ያደርቀዋል፣ ከዚያ ከብቱም ሣር ያጣል። ከላይ ደረቁ መሬት ላይ ይትከል፣ ማን ከለከለው?

አሁን ወደ ወፎቹ። ጥቁር ባለ ዘውዷ ወፍ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ናት። ጎጆዋን ዛፍ ላይ አይደለም የምትሠራው፤ ረግረጉ መሃል ቄጠማ ረግጣ፣ ከምራ፣ እዚያው ላይ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። አንድ ወር ገደማ ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ወዲያው ቢራመዱም ለመብረር ወራት ይፈጅባቸዋል፣ እስከዚያ መደበቂያቸው ያ ቄጠማ ብቻ ነው። ችግሩ ምን መሰለህ? እኛ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቄጠማ የምንሻማው ልክ እነሱ በሚታቀፉበትና ጫጩት በሚያሳድጉበት ሰሞን ነው። (እኔም ቡና ሳፈላ የምጎዘጉዘው ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር።)

ስለዚህ እናትህ ማጨዱን አይተዉ። ከዳር ከዳር ይጨዱ፣ መሃሉን እስከ ኅዳር ይተዉት። ወፎቹ ደጋግመው የሚያርፉበትን ቦታ አንተ ከሩቅ አይተህ አሳያቸው፤ ጎጆ ፍለጋ ግን እንዳትገባ፣ የረገጥከው ዱካ ውሻን ወደ ጎጆው ይመራል። እረኛ ልጆች ካሉ ንገራቸው፣ እንቁላል የሚያነሱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። መሬታችሁ ከቦዬ ጉማሬ የሚወጣበት በኩል ከሆነ ደግሞ ሲመሽ ማንም ወደዚያ አይውረድ።