ከጀርመን መውጫ፦ የክፍሉ ማስያዣና የቪዛው የመጨረሻ ቀን

ጥያቄ፦ በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ለአንድ ሴሚስተር በተማሪዎች ልውውጥ የመጣሁ ኢትዮጵያዊት ነኝ። የምኖረው አንዲት አዛውንት ራሳቸው በሚኖሩበት ቤት ውስጥ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ባለው አንድ ክፍል ነው፤ ወጥ ቤቱን አብረን እንጠቀማለን። ማርች 31 እንደምለቅ ዲሴምበር ላይ በኢሜይል ነግሬአቸው ነበር። አሁን በፌብሩዋሪ መጨረሻ «ኢሜይል ማስጠንቀቂያ አይሆንም፤ የሦስት ወር ኪራይ አለብሽ፤ ከማስያዣሽ እቆርጣለሁ» አሉኝ። ማስያዣው 900 ዩሮ ነው። ቪዛዬ ኤፕሪል 15 ያበቃል። ክፍሉን ከለቀቅሁ በኋላ ሮምን አይቼ፣ ስቶክሆልም አክስቴ ዘንድ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ቆይቼ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አስቤአለሁ። አንዲት ብራዚላዊት የክፍል ጓደኛዬ «ከሴሚስተሩ በኋላ ሁሉም ሰው 90 ቀን አለው» ብላኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከጻፉልኝ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ የ900 ዩሮው ነገር ሳይሆን የጓደኛዎ ምክር ነውና ከእሱ ልጀምር።

ጓደኛዎ የነገረችዎት ለእሷ እውነት ሊሆን ይችላል። ብራዚላውያን ወደ ሼንገን አገሮች፣ ማለትም በመካከላቸው ያለውን የድንበር ቁጥጥር ወዳነሡት የአውሮፓ አገሮች፣ ለአጭር ጊዜ ሲገቡ ቪዛ አይጠየቁም፤ ስለዚህ የተማሪነት ፈቃዷ ሲያበቃ ያለ ቪዛ የመቆየት ሌላ መብት አላት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ይህ መብት የለውም። እርስዎን አውሮፓ ውስጥ ሕጋዊ የሚያደርግዎት በፓስፖርትዎ ላይ የተለጠፈው «ዲ» የሚል ፊደል ያለበት የረጅም ጊዜ ቪዛ ብቻ ነው።

እርግጥ እርስዎንም የሚመለከት የ90 ቀን ድንጋጌ አለ፤ ሰዎችን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። የሼንገን ስምምነት ማስፈጸሚያ ውል አንቀጽ 21 የአንድ አባል አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎቹ አባል አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን እንዲቆይ ይፈቅዳል። ጀርመን ውስጥ የኖሩበት ጊዜ ከዚህ አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚሠራው ቪዛው በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ ካለፈ ጣሊያንም ስዊድንም እርስዎን የሚያዩት ያለ ፈቃድ እንደ ቆየ ሰው ነው። ዘጠና ቀኑን ገና አለመጨረስዎ አያድንዎትም። በአክስትዎ ቤት በፍቅር ያሳለፉት ሁለት ሳምንት መውጫው አየር ማረፊያ ላይ ተመዝግቦ ነገ ለማስተርስ ትምህርት ቪዛ ሲጠይቁ እንዲመጣብዎት አልፈልግም።

ስለዚህ ጉዞውን ያሳጥሩት፤ ቅደም ተከተሉንም ይገልብጡት። በመጀመሪያ ስቶክሆልም ይሂዱና አክስትዎን ይጠይቁ፤ ከዚያ ሮም፤ ከሮም ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ በሚበር አውሮፕላን ይመለሱ። ትኬቱን ለኤፕሪል 15 አይቁረጡ። በረራ ይሰረዛል፣ ሰው ይታመማል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይተዉ። በሼንገን አገሮች መካከል ሲጓዙም ፓስፖርትዎን፣ የጤና መድንዎንና የአክስትዎን አድራሻ ይያዙ። የድንበር ቁጥጥር የለም ቢባልም ፖሊስ በባቡርም በአየር ማረፊያም ሊጠይቅዎት ይችላል።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። አከራይዎ በአንዱ ነገር ልክ ናቸው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 568 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ማቋረጫ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ይህም በእጅ የተፈረመ ወረቀት ማለት ነው፤ ኢሜይል አይበቃም። ምናልባት ዲሴምበር ላይ «እሺ፣ ማርች 31 ቁልፉን እረከባለሁ» የሚል መልስ ሰጥተውዎት ከሆነ በስምምነት ውሉን ለማቋረጥ እንደ ተስማሙ መከራከር ይቻላልና ያንን መልእክት እንዳይጠፋ ያስቀምጡት።

«ሦስት ወር» ያሉት ግን እርስዎን አይመለከትም። አከራዩ ራሱ በሚኖርበት ቤት ውስጥ፣ አከራዩ በአብዛኛው ዕቃ አሟልቶ ያከራየው ክፍል የተለየ ደንብ አለው። ቁጥር 573ሐ ንዑስ ቁጥር 3 እንደሚለው ማስጠንቀቂያው ከወሩ 15ኛ ቀን ሳያልፍ ከደረሰ ውሉ በዚያው ወር መጨረሻ ያበቃል። በውሉ ላይ ሦስት ወር ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ተከራዩን የሚጎዳ በመሆኑ ዋጋ የለውም። ለእርስዎ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጊዜውም ገና አላለፈም።

ማስያዣውን በተመለከተ ሕጉ የመመለሻ ቀን አልቆረጠም። ፍርድ ቤቶች አከራዩ ክፍሉን መርምሮ ሒሳብ እንዲያወራርድ ምክንያታዊ ጊዜ ይሰጡታል፤ ይህም ወራት ሊፈጅ ይችላል። አከራይዎ ለጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብታቸው ክፍሉን ካስረከቡ ከስድስት ወር በኋላ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። በመኖር ብቻ የሚመጣ የግድግዳ መደብዘዝና የወለል መጫጫር በእርስዎ ላይ አይታሰብም። ርክክቡ በቀን ብርሃን ይሁን፤ የእያንዳንዱን ማዕዘን ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ምንም ጉድለት እንደሌለ ወይም ያለው ምን እንደ ሆነ የሚገልጽ ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙበት። ቁልፉን ያለ ፊርማ አያስረክቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሠሩትን ስሕተት ልንገርዎት፤ በመጨረሻው ሳምንት የጀርመን የባንክ ሒሳባቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ አከራዩ 900 ዩሮውን ለመላክ ቢፈልግ እንኳ የሚልክበት ቁጥር ያጣል፤ ወደ አዲስ አበባ መላክም ጊዜና ወጪ ይፈልጋል። ማስያዣው እስኪገባልዎት ሒሳቡን አይዝጉ።

ከጀርመን ሲወጡ በማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪዎች መዝገብ ላይ መሰረዝም ግዴታ ነው፤ አብሜልዱንግ ይሉታል። የመልቀቂያዎ ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ከለቀቁ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈጸማል። የሚሰጥዎትን ማረጋገጫ ይያዙ፤ የጤና መድን ድርጅቱ ሊጠይቅዎት ይችላል።

ዛሬ ማታ በወረቀት ላይ ክፍሉን ማርች 31 እንደሚለቁ የሚገልጹ ሁለት መስመሮች ይጻፉ፤ ስም፣ አድራሻና ቀን ጨምረው በእጅዎ ይፈርሙ። ሁለት ቅጂ አድርገው ለአከራይዎ በእጃቸው ይስጡና በአንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙልዎት ይጠይቁ። ካልፈረሙ ምስክር ባለበት ወደ ደብዳቤ ሣጥናቸው ያስገቡት፤ ብቻ ከማርች 15፣ በእኛ መጋቢት 6፣ አይለፍ።