መልስ፦ ቁመት ለመጨመር ቱርክ ሄጄ የእግር አጥንት ቀዶ ሕክምና ባሠራ በ3 ወር ሥራዬ ላይ እመለሳለሁ?

አትመለስም። 7 ሴንቲ ሜትር ነው የምፈልገው ብለሃል፤ አጥንቱ ተቆርጦ የሚሳበው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ መሳቡ ብቻ 70 ቀን ይፈጃል። ከዚያ ክፍተቱ ላይ የበቀለው አዲስ አጥንት እስኪጠነክር ብዙውን ጊዜ ከመሳቡም የረዘመ ጊዜ ይወስዳል። ቆመህ የምትሠራው ሥራ ከሆነማ ዓመት ያዝለት።

ደላላው «ብረቱ ውስጥ ስለሚገባ አያምም» ያለህን እርሳው። አጥንት ሲሳብ ጡንቻው፣ ጅማቱና ነርቩ እኩል አይከተሉትም፤ ተረከዝህ መሬት አልነካ ሊል ይችላል። ፊዚዮቴራፒ አገርህ ከገባህም በኋላ ግዴታ ነው።

የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው አይደል? ወንድሜ በመኪና አደጋ እግሩ ተሰብሮ የኢሊዛሮቭ ቀለበት (አጥንቱን በሚያልፍ ሽቦ እግሩን ከውጭ የሚይዝ ብረት) ታስሮለት ሳስታምመው፣ ከሕመሙ ይልቅ ያስመረረን ደረጃውና ውሃው ነበር። ሊፍት የለም። ሽቦው የገባበት ቆዳ በደንብ ካልጸዳ ያመረቅዛል፣ ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው (እሱም ከመጣ)። ከወሰንክ መጀመሪያ ግራውንድ ላይ ቤት ተከራይ፣ ሮቶም አስገባ። መግል ወይም ትኩሳት ቢመጣ የሚያይህ የአጥንት ሐኪም እዚሁ አዲስ አበባ ሳትይዝ ግን ቀብድ እንዳትከፍል።