እግራቸው እንቅልፍ ለሚነሳቸው ወጣቶች

ልጆቼ፣

በደሴና በዙሪያዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳክም፣ በዘር የሚወረስ የነርቭ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ስለ አረማመዳቸውና ስለ እግራቸው መዛል አዘውትሬ እጠይቃቸው ነበር፤ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድሩ ግን ለብዙ ጊዜ ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ። ጉድለቴን ያሳየችኝ ከኩታበር በኩል ከአባቷ ጋር የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ስለምታንቀላፋ ሰነፍ የተባለች ተማሪ ናት። የሁለቱም የውስጥ እግር ቅስት ከፍ ያለ፣ ጣቶቻቸው የታጠፉ፣ ባታቸው የቀጠነ ነበር። ይህ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1886 በገለጹት ሦስት ሐኪሞች ስም ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ ይባላል፤ በብዛት የሚታየው ዓይነት ከታመመ ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።

«ሌሊት ባቴን ይይዘኛል» ስትለኝ አተኛኘቷን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። በጀርባዋ ተንጋላ ጋቢዋን ከተረከዟ ሥር ስትወትፈው፣ ልብሱ ጣቶቿን ወደ ታች ደፋቸው። እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ በደከመበት ሰው ባት ቀድሞውንም ያጠረ ነው፤ እንዲህ ሲደፋ ይበልጥ ያጥራል፣ የተጎዳው ነርቭ ሳይታዘዝ ሲቀሰቅሰውም ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ልብሱን ከግርጌ አላሉት፣ ከመተኛታችሁ በፊትም ግድግዳ ተደግፋችሁ ባታችሁን አፍታቱት፤ ከያዛችሁ ደግሞ ጉልበታችሁን ዘርግታችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ራሳችሁ ጎትቱ። የወባ መድኃኒት የሆነውን ኩዊኒን ዋጡ የሚላችሁ አይጠፋም፤ የደም ችግርና የልብ ምት መዛባት ሊያመጣ ስለሚችል ለዚህ ብላችሁ አትንኩት።

የሚያቃጥልና የሚወጋ ሕመም ከባት መያዝ ይለያል፤ ከነርቩ የሚመነጭ ስለሆነ ተራ ማስታገሻ እምብዛም አይረዳውም፣ ለእርሱ ሐኪም አሚትሪፕቲሊንን የመሰለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። እግርን አንቀሳቅስ አንቀሳቅስ የሚል፣ ተነስተው ሲራመዱ የሚተው ስሜት ደግሞ ሌላ ነው፤ የብረት ማዕድን እጥረት ስለሚያብሰው ደማችሁን አስመርምሩ። በደሴ ብርድ እግርን ከሰል ላይ ማሞቅ ያጓጓል፤ የደነዘዘ እግር ግን ቢቃጠልም አይታወቀውም። አመሻሽ ላይ ስለሚቃመው ጫት ብዙ አልልም፤ ወሎዬ ነንና እንተዋወቃለን።

ይህን ለልጅቷ ሳስረዳ አባቷ ዝም ብለው ቆይተው፣ «እኔስ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያድር ይመስለኝ ነበር» አሉ። ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም ባታቸውን ይዘው ሲያነጉ አንዱ ለሌላው ተናግሮ አያውቅም ነበር።