ጉም ውስጥ ያለውን ተራራ አውሮፕላን እንዴት ያውቀዋል?

ጥያቄ፦ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ነዋሪነቴ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። በክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ስመጣ ከመስኮቱ ውጭ ከጉም በቀር ምንም ሳይታይ ይቆይና ደመናው ሲገለጥ የየጎፍ ተራራ ከጎናችን ቆሞ አየዋለሁ። አብራሪው ተራራውን በዓይኑ ባያይም መቅረቡን የሚነግረው መሣሪያ እንዳለ ሰምቻለሁ። መሣሪያው ተራራውን በምን ያውቀዋል? ዙሪያው ሁሉ ተራራ በሆነበት አገርስ ያለማቋረጥ የማይጮኸው እንዴት ነው? መሣሪያው እያለ አደጋ የሚደርሰውስ ለምንድን ነው?

ከደሴ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ጥያቄዎን ለመመለስ ከከፍታ መጀመር ይገባል። አብራሪው ዘወትር የሚከታተለው አልቲሜትር የአየርን ግፊት የሚለካ በመሆኑ የሚናገረው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ እንጂ ከአውሮፕላኑ ሆድ እስከ መሬት ያለውን ርቀት አይደለም። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ 1,860 ሜትር ገደማ ወይም 6,100 ጫማ ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ ቆሞ እንኳ መለኪያው 6,100 ጫማ ያነባል። በ10,000 ጫማ ላይ ያለ አውሮፕላን ከኮምቦልቻ ሜዳ በላይ 3,900 ጫማ ያህል ክፍተት ይኖረዋል። ከፍታውን ሳይለውጥ ወደ ደሴ ቢያቀና ግን ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክፍተቱ ወደ 1,800 ጫማ ይወርዳል፤ ወደ ጦሳ ተራራ ሲጠጋ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን አልቲሜትሩ የሚያሳየው ያንኑ 10,000 ጫማ ነው። አውሮፕላኑ ሳይበላሽ፣ አብራሪውም መሪውን እንደያዘ፣ ማንም ሳያውቀው ከመሬት ጋር የሚላተምበት አደጋ ምንጩ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ካናዳ የተወለደው መሐንዲስ ዶን ቤትማን በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያ ሲሠራ የተጠቀመው በራዲዮ አልቲሜትር ነው። ይህ መለኪያ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር የራዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ይልክና ነጥሮ ከሚመለሰው ሞገድ ትክክለኛውን ርቀት ያሰላል፤ ለማስጠንቀቂያው የሚያገለግለውም ከመሬት በላይ እስከ 2,500 ጫማ ድረስ ነው። ኮምፒውተሩ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ርቀቱ የሚያጥርበትንም ፍጥነት ይከታተላል። አውሮፕላኑ ሳይወርድ መሬቱ ወደ እርሱ ከፍ እያለ ቢመጣም ርቀቱ እያጠረ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ «ቴሬይን»፣ ቀጥሎም «ፑል አፕ» የሚል ድምፅ በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ይሰማል፤ የፊተኛው መሬት ቀርቧል ማለት ሲሆን፣ የኋለኛው አፍንጫውን ቀና አድርገህ ውጣ የሚል ትእዛዝ ነው። አውሮፕላኑ ከመጠን በላይ በፍጥነት ሲወርድ፣ ከተነሣ በኋላ ከፍታ ሲያጣ፣ ጎማ ወይም ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ክፍል) ሳይዘረጋ ለመሬት ሲቀርብም የየራሱ ማስጠንቀቂያ አለው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ወደ ዋሽንግተን ይበር የነበረ የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ ቦይንግ 727 ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 92 ሰዎች ካለቁ በኋላ አሜሪካ መሣሪያው በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ እንዲገጠም አስገደደች።

የዚህ መሣሪያ ድክመት እንደ ወሎ ባለ ምድር ጎልቶ ይታያል። እግሩ ሥር ብቻ እያየ ገደል ለገደል እንደሚጓዝ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም። ተዳፋቱ ለዘብ ያለ ከሆነ ማስጠንቀቂያው በጊዜ ይደርሳል፤ ተራራው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ከሥር ያለው ርቀት እስከ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሰፊ ሆኖ ይቆያል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 ኮሎምቢያ ውስጥ፣ እንደ ቦርከና ሸለቆ ግራና ቀኙን ተራሮች ወደ ያዙት የካሊ ሸለቆ ሲወርድ የነበረ የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 757 ከመሥመሩ ወጥቶ ተራራ ሲገጥመው፣ መሣሪያው የጮኸው ከግጭቱ 12 ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ ነበር። አብራሪዎቹ ሙሉ ኃይል ሰጥተው ለመውጣት ቢታገሉም፣ በክንፉ ላይ የተዘረጋውን የፍጥነት መቀነሻ ሳያጥፉት ቀሩ፤ 159 ሰዎች ሞቱ።

ቤትማንና ባልደረቦቹ መፍትሔ ያሉት መሬቱን አስቀድሞ ማወቅን ነበር። የዓለምን የመሬት ከፍታ የያዘ ካርታ በኮምፒውተሩ ውስጥ ተከማቸ፤ ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ለገበያ የወጡ የሶቪየት ካርታዎችም ለዚህ ሥራ ውለዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራ ላይ የዋለው ይህ የተሻሻለ መሣሪያ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ከጂፒኤስ እየተቀበለ፣ የሚጓዝበትን አቅጣጫና ፍጥነት ከካርታው ጋር እያስተያየ፣ ግጭት ሊደርስ 60 ሰከንድ ያህል ሲቀረው ያስጠነቅቃል፤ 30 ሰከንድ ያህል ሲቀር ደግሞ ውጣ ብሎ ያዛል። አብራሪው ፊት ባለው ስክሪን ላይም ከአውሮፕላኑ ከፍታ በላይ ርቆ የሚወጣው ተራራ በቀይ፣ ለከፍታው የሚቀርበው በቢጫ፣ ዝቅ ያለው በአረንጓዴ ይታያል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደረጃ መሠረት ከ5,700 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑና በተርባይን ሞተር የሚሠሩ አውሮፕላኖች ወደ ፊት የሚያይ ማስጠንቀቂያ ሊኖራቸው ይገባል፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሱት የመንገደኛ አውሮፕላኖችም በዚህ ክብደት ውስጥ ናቸው።

መሣሪያው ያለማቋረጥ የማይጮኸው፣ ተራራ በአጠገቡ ሲኖር ሳይሆን አውሮፕላኑ የሚጓዝበት መሥመር ወደ ተራራው ሲያመራ ብቻ እንዲናገር ስለተሠራ ነው። የጎፍ ከጎንዎ ሲታይዎት አውሮፕላኑ ከተራራው ጎን ለጎን እያለፈ ከሆነ መሣሪያው ዝም ይላል። ለማረፍ ሲወርድም መንደርደሪያዎቹ በካርታው ላይ ስለተመዘገቡ፣ ወደ ሜዳው በቀረበ ቁጥር የሚጠይቀውን ከፍታ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ከመንደርደሪያው ርቆ ያለ ልክ ዝቅ ካለ ግን፣ ጎማውም ፍላፑም ተዘርግቶ ቢሆን እንኳ ይናገራል፤ የድሮው መሣሪያ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ መሣሪያው አውሮፕላኑን ራሱ አይመልሰውም፤ ይናገራል እንጂ መሪውን የሚስበው አብራሪው ነው። በደመና ውስጥ «ፑል አፕ» የሚለውን ድምፅ የሰማ አብራሪ መጀመሪያ መውጣት፣ ምክንያቱን ኋላ መጠየቅ እንዳለበት የሚሠለጥነውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2012 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለማሳያ በረራ የወጣ ሱኮይ ሱፐርጄት የተባለ የሩሲያ የመንገደኛ አውሮፕላን በደመና በተሸፈነው የሳላክ ተራራ ላይ ተከስክሶ የተሳፈሩት 45 ሰዎች ሁሉ ሲያልቁ፣ መሣሪያው ከ38 ሰከንድ በፊት አስጠንቅቆ ነበር። ዋና አብራሪው ግን ካርታው የተሳሳተ መስሎት ማስጠንቀቂያውን አጠፋው። ምርመራው እንዳሳየው፣ ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በኋላ እስከ 24 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ለመውጣት ቢሞከር ኖሮ ግጭቱን ማስቀረት ይቻል ነበር።