ሦስት ዓመት ቤት ለቤት ሕፃናትን ስከታተል ኖሬ «ሠራተኛ አይደለሽም» ተባልኩ

ጥያቄ፦ በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ቤት ለቤት እየሄድኩ ከሦስት ዓመት በታች ልጆች ያሏቸውን እናቶች ሳግዝ ቆይቻለሁ። ያሠራኝ አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት ነው። እናት ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ አሳያለሁ፣ የልጁን ዕድገት በቅጽ እሞላለሁ፣ የሚያሠጋ ነገር ካየሁ ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ። የስድስት የስድስት ወር ውል ስድስት ጊዜ ፈርሜያለሁ፤ ርዕሱ «የአገልግሎት ግዥ ውል» ይላል። በወር 9,000 ብር ነው፤ የሥራ ግብር ይቆረጣል፣ ጡረታ ግን የለም። የመጨረሻው ውል ካለቀ በኋላም ሳልፈርም ሰባት ሳምንት ሠራሁ። ካዛንቺስ የነበሩት ቤተሰቦች በኮሪደር ልማቱ ተነሥተው አብዛኞቹ ገላን ጉራ ገብተዋል። ከዚያ አስተባባሪዋ ደውላ «ቤተሰብ ስለቀነሰ ከነገ ጀምሮ እንዳትወጪ» አለችኝ፤ ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ባልደረቦቼ እየሠሩ ነው፣ ሁለት አዲስ ልጆችም ገብተዋል። ስጠይቅ «አንቺ ሠራተኛ አይደለሽም፤ ሕጉም የልጅ ማሳደግ ሥራን አይሸፍንም» አሉኝ። ከአራት ወር በፊት ደግሞ ገዳም ሰፈር ለጉብኝት ገብቼ ውሻ ነክሶኝ ለክትባት ፓስተር ስመላለስ የቀረሁባቸውን አራት ቀናት ከደመወዜ ቆርጠዋል። መብት አለኝ ወይ? እናቶቹ አሁንም ይደውሉልኛል፤ በግሌ ብሄድላቸውስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከክርክሩ በፊት ቀኑን እንቁጠር። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስድስት ሳምንቱን በልተውታል፤ የቀረዎት ያንኑ ያህል ነው። ከሥራ መቋረጥ የሚመነጩ ክፍያዎችን ለመጠየቅ ስድስት ወር አለዎት። ያልተከፈለ ደመወዝም በስድስት ወር ይታገዳል፤ ስለዚህ የውሻው አራት ቀን ሁለት ወር ብቻ ቀርቶታል። «እስኪ ከኃላፊው ጋር ተነጋግረን እንደውልልሻለን» የሚለው የስልክ ቃል ይህን ጊዜ ለአንድ ቀን እንኳ አያቆመውም። ደንበኞቼ ጉዳያቸውን ከሚያጡባቸው ምክንያቶች ይህን የሚያህል የለም።

አሁን «ሕጉ የልጅ ማሳደግን አይሸፍንም» ወዳሉት እንምጣ። ሳነበው ፈገግ አልኩ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር እውነትም በሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3(2) ላይ ከሽፋኑ ውጭ ካደረጋቸው ግንኙነቶች አንዱ ለማሳደግ፣ ለማከም፣ ለመንከባከብ ወይም መልሶ ለማቋቋም ሲባል የሚመሠረት ውል ነው። እንደ እኔ ንባብ ይህ የሚናገረው ስለሚታከመውና ስለሚያድገው ሰው ነው። በማገገሚያ ማዕከል ያለ ሰው ጓሮ ቢኮተኩት፣ በማሳደጊያ ያለ ወጣት በማዕከሉ ወርክሾፕ ሙያ እየተማረ ቢሠራ፣ ግንኙነቱ የተመሠረተው ለእሱ ጥቅም ስለሆነ ቅጥር አይባልም። ደመወዝ ተከፍሏት ሌሎችን የምትንከባከበዋ ሴት ግን ሌላ ናት። የእነሱ አተረጓጎም ቢሠራ የግል ሆስፒታል ነርስም ሠራተኛ መሆኗ በቀረ ነበር።

«ሰው ቤት ስለምትገቢ የቤት ሠራተኛ ነሽ» የሚል መከራከሪያም ሊመጣ ይችላል፤ እሱም አያስኬድም። አዋጁ ያስወጣው ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ነው፤ ግለሰቡ ራሱ ለቤቱ ሞግዚት ወይም ምግብ አብሳይ ሲቀጥር ማለት ነው። እርስዎን የቀጠረዎት ድርጅቱ እንጂ እነዚያ እናቶች አይደሉም።

ዋናው ጦርነት ሌላ ቦታ ነው። ያው አንቀጽ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰውም ከሽፋኑ ያስወጣል። «የአገልግሎት ግዥ ውል» የሚለው ርዕስ የተመረጠው ለዚህ ነው። እኔ ቢሮም መጥተው «እንዲህ ያለውን አርቅቅልን» ያሉኝ ድርጅቶች አሉ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከየት እንደሚወጣ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 4 መሠረት የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ሲስማማ ነው። ዳኛው የሚያየው ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚታዘዝ ነው፤ የወረቀቱ ርዕስ ለብቻው አይወስንም።

እስኪ አንድ ተራ ቀንዎን ያስቡት። ጠዋት 2፡30 ላይ አስተባባሪዋ በቴሌግራም ግሩፑ የዕለቱን ቤቶች ትልካለች። የድርጅቱን ባጅ አንጠልጥለው፣ የድርጅቱን ቦርሳ ይዘው ይወጣሉ፤ ባቄላ የተከተተበት የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከካርቶን የተሠራ የሥዕል መጽሐፍ፣ የክንድ መለኪያ ሜትር። አንዲት እናት ጋ ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩ፣ ለስምንት ወር ሕፃን የትኛውን ጨዋታ እንደሚያሳዩ መመሪያው ይናገራል። ማታ ቅጹን ሞልተው ያስረክባሉ፣ አርብ ስብሰባ አለ። አንድ ቀን ቢታመሙ እኅትዎን መላክ ይችሉ ነበር? በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው ጎረቤቱን በእሱ ምትክ ልኮ ሥራውን ያስጨርሳል። እርስዎ ግን ፈቃድ መጠየቅ ነበረብዎት። ፍርድ ቤት ስለ መተካት ሲጠየቁ ይህንኑ በቀላሉ ይናገሩ፤ ከማንኛውም የሕግ ጥቅስ በላይ ይሠራል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን በደብዳቤዎ መሐል ሳያስቡት የጣሉት ነገር ነው፤ የሥራ ግብር። ድርጅቱ በየወሩ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር ቀንሶ ለገቢዎች ሲያስገባ «ይህች ሠራተኛዬ ናት» ብሎ ለመንግሥት ተናግሯል። ለአንዱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ለጡረታው ባዕድ ማድረግ አይቻልም። የክፍያ ዝርዝሩን ወይም የደመወዝ ወረቀቱን ቅጂ ያግኙ፤ ባያገኙ እንኳ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ መጠየቅ ይቻላል።

ደካማ ጎንዎን ደግሞ አልደብቅዎትም። «ፕሮጀክት ነው፣ የጊዜ ገደብ ነበረው፣ አለቀ» ቢሉ ይህ ከ«ሠራተኛ አይደለሽም» የተሻለ መከራከሪያ ነው። መነሻው ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል የሚል ቢሆንም (አንቀጽ 9)፣ አንቀጽ 10 ለተለየ ሥራ የሚደረግ የተወሰነ ጊዜ ውልን ይፈቅዳል፤ ፕሮጀክቱ በእርግጥ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ክርክርዎ ይሰነጠቅ ነበር። ነገር ግን ባልደረቦችዎ እየሠሩ ነው፣ አዳዲሶችም ገብተዋል፤ ሥራው አልቋል ማለት ከባድ ነው። ሰባት ሳምንቱም ቀላል ነገር አይደለም። ውል ሳይኖር መድበው አሠርተው ከከፈሉ፣ ጊዜው አልቆ ነበር የሚለው ክርክር በገዛ እጃቸው ፈረሰ። የእናቶቹ ወደ ገላን ጉራ መሄድ እውነተኛ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ግን ሕጉ የራሱ ማስጠንቀቂያና ሥርዓት አለው። «ከነገ ጀምሮ» የሚል ስልክ ከዚያ ውስጥ አይገባም።

ካሸነፉ ስንት ነው? 9,000 ብር ለ30 ሲካፈል የቀን ደመወዝዎ 300 ብር ይመጣል። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው፤ 18,000 ብር። ወደ ሥራ ካልተመለሱ በሕገ ወጥ መንገድ ለተቋረጠ ያልተወሰነ ጊዜ ውል ካሣው የቀን ደመወዝ 180 እጥፍ ነው፤ 54,000 ብር። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ለሦስት ዓመት 15,000 ብር። በድምሩ 87,000 ብር። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ጡረታው የተለየ መንገድ አለው፦ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ማዋጣት ነበረባቸው፤ ሠራተኛነትዎ በፍርድ ከተረጋገጠ በኋላ ፍርዱን ይዘው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደርን ያመልክቱ።

ወደ ሥራ ልመለስ ይበሉ ወይስ ካሣ ይጠይቁ? እኔ ካሣውን እመርጥልዎታለሁ። በሰው ቤት ተቀምጦ ሕፃን የሚያስቅ ሰው ከማይፈልገው አስተባባሪ ጋር በየአርቡ ስብሰባ ሲቀመጥ አይታየኝም። ምርጫው ግን የእርስዎ ነው፤ አማራጭ አድርገው ሁለቱንም በክሱ ማስፈር ይችላሉ።

የውሻው ነገር። በአሠሪ ትዕዛዝ ከተለመደው የሥራ ቦታ ውጭ ሲሠሩ የደረሰ ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት ነው፤ ገዳም ሰፈር ግቢ ውስጥ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሥራ ላይ መገኘት ላልቻሉባቸው ቀናትም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። አራቱ ቀን 1,200 ብር ነው፤ ትንሽ ቢመስልም የክትባት ካርዱን አይጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 የውሻው ባለቤትም ተጠያቂ ነው። የሚጎበኟትን እናት መክሰስ ግን አልመክርም፤ ባለቤቱም ምናልባት የቤቱ አከራይ ይሆናል።

ስለ ማስረጃ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት። ስልክዎ ላይ የብዙ ቤተሰብ ልጆች ፎቶ፣ ክብደት፣ የዘገየ ንግግር፣ የእናቶች ምሥጢር ሳይኖር አይቀርም። ለሙግቱ ብለው ያንን አትመው ፍርድ ቤት እንዳያቀርቡት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ የሚያዝ ዓይነት አድርጎታል፤ የእነዚያ ልጆች መረጃ የእርስዎ የክርክር መሣሪያ አይደለም። የሚያስፈልግዎት የእርስዎ እንቅስቃሴ ነው፦ የቴሌግራሙ ትዕዛዝ፣ የፊርማ መዝገቡ፣ ባጁ፣ ስድስቱ ውሎች፣ የባንክ ስቴትመንት። የጉብኝት ቅጽ የግድ ከሆነ የልጁንና የእናቲቱን ስም በወረቀት ሸፍነው ፎቶ ኮፒ ያድርጉ፤ ቀኑና የአስተባባሪዋ ፊርማ ይበቃል። የቴሌግራም መልእክት ደግሞ ዋጋ የለውም ብለው እንዳያጠፉት፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ ያደርጋል። ሳይሰርዙ፣ ቀንና ስም እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ። ከግሩፑ ከማስወጣታቸው በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ዛሬ ማታ።

አንድ ደብዳቤ ግን ክስ ሳይጀምሩ ያስገቡ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ። አሠሪ ሲጠየቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን ገልጾ በነፃ መስጠት ግዴታው ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ሳያስብ «ከ… እስከ… በቤት ለቤት ባለሙያነት ሠርታለች» ብሎ ማኅተም ሲመታበት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ «ሠራተኛ አይደለችም» ማለት ያሳፍራል። እምቢ ካሉም እምቢታው መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ ደብዳቤውን በቀሪ ላይ አስፈርመው ይያዙ።

ክሱ የሚቀርበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ከሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል፤ በተግባር ቀጠሮ ሲረዝም ያጋጥማል። ክፍለ ከተማው ላይ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ ማነጋገር ይችላሉ፤ ዝም ብለው ሦስት ወሩን እዚያ ኮሪደር ላይ እንዳያሳልፉ እንጂ። እርስዎ በከተማ አስተዳደሩ የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ሥር የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ አዋጅ አይመለከትዎትም ነበር፤ መንገዱ የሲቪል ሰርቪሱ ይሆን ነበር። እንዲህ ያሉ ጠያቂዎች ስላሉ ነው የጠቀስኩት።

በግልዎ ወደ እናቶቹ ስለመሄድ፦ ከሥራ ከወጡ በኋላ የሚከለክልዎት የውል ቃል መኖሩን ስድስተኛውን ውል አንብበው ያረጋግጡ፤ ከሌለ እናት «ነይልኝ» ብላ ስትጠራዎት መሄድ ጥፋት አይደለም። የድርጅቱን ባጅ፣ ቅጽና ስም ግን አይጠቀሙ፤ በሥራ የሰበሰቡትን የስልክ ዝርዝር ይዘው ቤት ለቤት ደንበኛ መፈለግም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ገንዘብ መቀበል ከጀመሩ ያኔ በእርግጥ በራስዎ ኃላፊነት የሚሠሩ ባለሙያ ነዎት፤ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ። የተከሳሹ ጠበቃም ይህን ይዞ «ዱሮም እንዲሁ ነበረች» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ የተቀበሉበትን ቀን በማስታወሻ ይጻፉ፤ ከተባረሩበት ስልክ በኋላ መሆኑ በግልጽ ይታይ።