ነርቩ ጡንቻውን አይነካውም

ወንድሜ፣ «ነርቭና ጡንቻ እንደ መብራት ሽቦ ተያይዘው ነው ወይ የሚሠሩት?» ላልከው፣ አይደለም። በመሃላቸው 50 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የምትሆን ክፍተት አለች። የኤሌክትሪክ መልእክቱ እሷን በቀጥታ አይሻገርም።

መልእክቱ የነርቩ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ አሴቲልኮሊን የሚባለውን ኬሚካል የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ይዘታቸውን ክፍተቱ ውስጥ ያፈሳሉ። ኬሚካሉ ተሻግሮ ጡንቻው ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅ ሶዲየም ይገባል፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መልእክት ይነሳል፣ ከዚያ ጡንቻው ራሱ ውስጥ ያከማቸው ካልሲየም ይለቀቅና ይኮማተራል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ሚሊሰከንድ ነው!

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ማቆሚያውን ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝም እሱ ነው። አሴቲልኮሊንን ወዲያው የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። እንደ ማላታዮን ያሉ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች የሚያጠቁት እሱን ነው፤ ያኔ አሴቲልኮሊኑ ሳይሰባበር ይከማቻል፣ ጡንቻው መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ቆይቶ ይዝላል። ያለ መከላከያ ሲረጭ የዋለ ገበሬ ምራቁ ሲዝረበረብ፣ የዓይኑ ብሌን ሲጠብ፣ ጡንቻው ቆዳው ሥር ሲርገበገብ ካየህ፣ ጓንት አድርገህ ልብሱን አውልቅለት፣ ገላውን በሳሙና እጠበው፣ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ አድርሰው። የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ከዛሉ ይሞታል።